ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ

አገር ጥሎ የወጣ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ ከደብረ ታቦር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በአውቶቡስ፣ የቀበሌ ማኅተም ይዤ ነው። በአውራጃው መዝገብ ቤት ዓመታት ፋይል ስጠብቅ ስለኖርኩ፣ የትኛው ወረቀት ጥያቄ እንደማያስነሳ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልታጠብ ብዬ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ።

"ጓድ፣ ቁርጥማቱ የት ላይ ነው?" አለኝ የቀበሌው ሊቀ መንበር።

"ጉልበቴ ላይ።"

"ለሩጫ ግን አያስቸግርህም መቼም" አለና ቀና ሳይል ማኅተሙን መታው።

ባለቤቴ አንጓች በሶ ቋጥራ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ምስጢሩን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

"ስንት ክረምት ልጠብቅህ?"

"አንድ። ሁለተኛውን አብረን ነን" አልኳት።

ወረታ ስደርስ ወደ ፍል ውኃው፣ ወደ ሐሙሲት የሚሄደውን መኪና ትቼ በይፋግ በኩል ወደ ድንበሩ የሚያልፈውን ያዝኩ። መተማን፣ ገዳሪፍን፣ ካርቱምን ሌሎች ጽፈውታል። እኔ ሌላው ያልጻፈውን ልጻፍ።

ስዊድን ገባሁ። የጉና ብርድ ከነፋስ ጋር እየጮኸ ይመጣል፤ የዚህ አገር ብርድ እንደ ሰዉ ዝም ብሎ ነው። አንድ ቀን ሽሮ ሳማስል አከራዬ በሩን አንኳኳች።

"ምን ተቃጠለ?"

"ምንም። እራት ነው።"

"ለስንት ሰው?"

"ለእኔ ብቻ።"

"ሽታው ግን ለሁላችንም ደርሶናል" አለችኝ። በዚያ ሳምንት ካነጋገሩኝ ሰዎች ረጅሙን ወሬ ያወራችኝ እሷ ነበረች።

ሥራዬ ጽዳት ነበር። የስደተኞችን ቤተሰብ ማመልከቻ የሚያይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተሩን ክፍል እወለውላለሁ። ከቆሻሻው ቅርጫት ያነሳሁትን የኮምፒውተር መጽሐፍ ሁለት ክረምት ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበብኩ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ አላስፈለገኝምም። አንድ ጠዋት የክፍሉ አለቃ ላርስ እምቢ ካለው ስክሪፕት ጋር ሲታገል መጥረጊያዬን ተደግፌ አየሁና "ከቅንፉ ቀጥሎ ክፍት ቦታ አልተውክም" አልኩት። ክፍት ቦታውን ጨመረ፤ ሠራለት። ከዚያ በኋላ መጥረጊያ አልያዝኩም።

ሼል የሚባለው ለማሽኑ ትእዛዝ የሚጻፍበት ነው። ስክሪፕት ደግሞ የትእዛዙ ዝርዝር ነው። ማሽኑን ትጠይቀዋለህ፤ መልሱ አዎ ከሆነ አንዱን፣ አይደለም ከሆነ ሌላውን ይሠራል። ፋይሉ አለ? ካለስ ባዶ ነው? የሌለ ፋይልና ያለ ግን ባዶ የሆነ ፋይል እንደሚለያዩ እኔ በመዝገብ ቤት ሳለሁ የማውቀው ነው። የስሙ ቦታ ተሞልቷል? ቁጥር ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ 07 እና 7 እንደ ቃል ሲነጻጸሩ ባዕድ ናቸው፣ እንደ ቁጥር ሲነጻጸሩ አንድ። ይህን የማያውቁ ባለ ዲግሪዎች አስተምሬያለሁ።

ማመልከቻ የሚያጣራውን ስክሪፕት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ይመለስ። ስም ከሌለው ይመለስ። የልደት ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ይመለስ፤ የእምቢታ ደብዳቤውም በራሱ ታትሞ ይላክ። ለአንጓች ፎርሙን ስልክላት "እዚህ ቤት ያለ እኔ ትእዛዝ አንድ ማመልከቻ አያልፍም፤ አንቺ ብቻ እውነቱን ጻፊ፣ አንድም ነገር አትለውጪ" ብዬ ጻፍኩ።

ክረምቱ አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። መልስ የለም።

አንድ ቀን ላርስ የተመለሱትን ፋይሎች አጽዳ አለኝ። አንድ በአንድ ስከፍት የአንጓችን አገኘሁ። ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ በዝናቡ ሲጠመቅ ነው የተወለደችው። እናቷ ስንት ጊዜ አጫውታኛለች። እኔ ግን የእነሱን መጽሐፍ ሳጠና ከርሜ ወሩን በእነሱ ቆጠርኩት።

"አሥራ ሦስተኛ ወር የለም እኮ" አለ ላርስ።

"እኛ ዘንድ አለ።"

"ስንት ቀን ነው?"

"አምስት። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት።"

"የእኛ የፋሲካ ዕረፍት ከዚህ ይረዝማል።"

አልሳቅኩም። አሥራ ሁለትን አጥፍቼ አሥራ ሦስት አደረግኩ። ሥራው ይኸው ነበር። ደብዳቤው ግን ከደረሳት ከርሟል።

ደብረ ታቦር ስልክ ቤት ቀጠሮ ይዤ አስጠራኋት።

"አንጓች፣ እኔ ነኝ።"

"አውቄሃለሁ።"

"ደብዳቤው ደርሶሻል?"

"የእንግሊዝኛ አስተማሪው አነበበልኝ። አትመጪም ይላል።"

"ማሽኑ ነው የመለሰው።"

"ማሽኑን የሚያዘው ማን ነው? ያለ እኔ ትእዛዝ አያልፍም ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ያዘዝኩትስ እኔ ነኝ፤ ጳጉሜንን ረስቼ ነው" አልኳት።

"ጳጉሜን ይረሳል?"

"አስተካክዬዋለሁ። ፎርሙን እንደገና ሙዪው።"

"ወሩን ምን ልበል?"

"አሥራ ሦስት።"

"እሱን ብዬ ነበር እኮ" አለች። የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ደቂቃው አልቋል ብላ ገባችና መስመሩ ተቋረጠ።

አዲሱን ፎርም በማግስቱ ላክሁ። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ብይዝም ስልክ ቤት አልመጣችም። እኔ ግን በየጠዋቱ፣ ስክሪፕቱ ሥራ ሳይጀምር፣ ማሽኑን በገዛ እጄ እጠይቀው ነበር፤ የአንጓች ፋይል አለ? ጡረታ በወጣሁበት ቀንም ካፖርቴን ከለበስኩ በኋላ ተመልሼ ጠየቅኩት።