መረብ ሳቢዋ አሰገደች

አሰገደች ገብረ መድህንን የአሰላ ሰው የሚያውቃት በልብስ ሰፊነቷ ነው። እኔ የማስታውሳት ግን መረብ ስትስብ ነው። አሰላ ባሕር የለም፤ ዓሣም ከዝዋይ በጭነት መኪና ካልመጣ አይታይም። ቢሆንም በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰብና ጫማችንን አውልቀን፣ ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን፣ የሌለ መረብ ከሌለ ባሕር እንጎትት ነበር።

አስተማሪያችን ወይዘሮ ኤፉዋ ጋናዊት ናቸው። ባላቸው ለእርሻ ልማቱ ሥራ ሲመጡ ተከትለው መጡና፣ ቤት መዋሉ ቢከብዳቸው የአገራቸውን የዓሣ አጥማጆች ጭፈራ ለወደደ ሁሉ ያስተምሩ ጀመር።

«ትከሻ ይረፍ! ወገብ ይሥራ!» ይሉናል በጀማሪ አማርኛቸው።

እኛ ደግሞ ከበሮ ሲመታ ቀድሞ የሚነሣብን ትከሻችን ነው። የባለሱቁ ልጅ ከዲጃ፣ «ኧረ ትከሻዬን በገመድ እሰሩልኝ!» እያለች ታስቀናለች። በመስኮት አንገቱን ያሰገገ የሳጉሬ ገበሬ፣ «ማሊ ኩን?» ይላል፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ምን ብለን እንመልስለት?

አሰገደች ግን ቶሎ ያዘችው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ የአባቷን ቤት የያዘች እሷ ናት። ከስፌቱ ወደ ማጀት፣ ከማጀቱ ወደ ስፌት ነው ኑሮዋ። «እጄና እግሬ የኔ የሚሆኑት ቅዳሜ ብቻ ነው» ብላኛለች። ወይዘሮ ኤፉዋም በግንቦት መጨረሻ ለከተማው ሰው ለምናሳየው ጭፈራ ፊት መሪ አደረጓት። አሰገደች ያን ቀን ትጠብቅ የነበረው ሌላ ሴት ሠርጓን እንደምትጠብቀው ነው።

ጭፈራው መካከል ላይ አስተማሪያችን አውሮፓ የተማሩት አዲስ ነገር ነበረበት። ፊት መሪዋ ወለሉ ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያ ጀርባዋ እየተርገፈገፈ እንደ ማዕበል ቀስ ብላ ትነሣለች። ይህን አንዱ በመስኮት አየ። «የገብረ መድህን ልጅ መሬት ወድቃ ተንቀጠቀጠች» የሚለው ወሬ እሷ ቤቷ ሳትደርስ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ የእነ አሰገደች የነፍስ አባት አባ ወልደሰንበት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታቸው መጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ አባ!» አሉ አቶ ገብረ መድህን።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

አቶ ገብረ መድህን በዚያ ሰሞን ከጎረቤታቸው ጋር በባሕር ዛፍ አጥር ተጣልተው ነበርና፣ ለእርቅ የመጡ መሰላቸው። ለእርቅ የማያስቸግር ሰው መባል ደግሞ ትልቁ ኩራታቸው ነው። «እናንተን አቁሜ? እሺ! እሺ ብያለሁ!» አሉና ጉልበት ለመሳም አጎነበሱ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ጠላ ተቀዳላቸው። አባ ወልደሰንበት አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና፣ «እንግዲህ ልጅህን ዛሩ ሳይለምዳት ከዚያ አዳራሽ አስቀርልን» አሉ።

አሰገደች ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች፣ «ዛር አይደለም አባ፤ ማዕበል ነው» አለች።

«ማዕበል? አሰላ ላይ?» ብለው አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «ከጭላሎ ተራራ ወረደ በይኛ!»

ሲወጡ አባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ እሺ ያሉት እኮ ስለ ባሕር ዛፉ መስሎዎት ነው!»

«መስሎኝ ነው» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «ግን እሺ ብያለሁ።»

ሽማግሌ አስቀምጦ ቃሉን የበላ ሰው ከዚያ በኋላ ለማንም ዋስ፣ ለማንም አስታራቂ አይሆንም። ይህን አሰገደች ታውቃለች። አባቷ «ቅሪ» ብለው ቢቆጧት ኖሮ ምናልባት ተደብቃ ትመጣ ነበር። ቅዳሜ ስትቀር ወይዘሮ ኤፉዋ ቤቷ ድረስ ሄደው «አባትሽ ከለከሉሽ?» ቢሏት፣ «አልከለከሉኝም፤ እሺ ብለውብኝ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ግራ ተጋብተው ተመለሱ።

ቀኑ ደረሰ። ወይዘሮ ኤፉዋ ሌላ ሰው ፊት አናቆምም ብለው ቦታዋን ክፍት ተዉት። እኛም ከባዶ ቦታ ኋላ ተሰልፈን መረባችንን ሳብን። ከተጋበዙት መካከል አንዱ፣ «ፊት የምትሆነዋ የታለች? ተረሳች እንዴ?» ሲል አዳራሹ ሳቀ። አቶ ገብረ መድህን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ጭፈራው ሳያልቅ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

የቀረውን አሰገደች የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ፣ ቀሚስ ስትለካኝ፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ነው። ያን ቀን አባቷ ከአዳራሹ ሲመጡ ጓሮ ተቀምጣ ነበር።

«እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

«ምኑን አባባ?»

«ያንን የምትስቡትን። እዚህ ማን ያያል?»

«ብቻ አይሳብም። ከኋላ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል።»

አቶ ገብረ መድህን ካፖርታቸውን አውልቀው ግንቡ ላይ አኖሩና ከኋላዋ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ብዙ ቆየች። እጆቿ ደረቷ ድረስ ተነሡ፤ ከዚያ ወረዱ።

«ይግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው።