ማሽላው ሳይደርስ የተነፋ ዋዛ

ያን ቀን ጠዋት መንጌ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ ሰንብቶ በድንገት ሰማዩ ጠራ፤ ከሣር ክዳኑ ላይ እንፋሎት ይነሳ ጀመር። ሐምሌ ነው። በሐምሌ እንዲህ ያለ ፀሐይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደ ማሽላው ይሮጣል፤ አረም ፋታ አይሰጥም። ኢቲዳል ግን ወደ ማሳ አልወረደችም። ጫማዋን አጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ ከአሶሳ የሚመጡትን መኪኖች መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ኢቲዳል ትምህርቷን ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እናቷ ሲሞቱ ቤቱን የሚይዝ ጠፋ፤ ታናናሾቿም ገና ልጆች ነበሩ። ለምን ቀረሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም ቀረሁ ብላ አላለቀሰች። ከትምህርት ቤት ይዛው የወጣችው አማርኛውን ነው። ኋላ ላይ ሌንጂሳ የሚባል፣ ከወለጋ መጥቶ አሶሳ የኖረ ሰው፣ ጎብኚ በመኪና እያመጣ አገሩን ማሳየት ሲጀምር፣ ቦታውን የምታውቅና አማርኛ የምትችል ሰው ፈለገና እሷን አገኘ። ፏፏቴውን፣ አናቱ ላይ ሲወጡ የሱዳን ተራሮች የሚታዩበትን ትልቁን ድንጋይ፣ ሴቶች ወርቅ የሚያጥቡበትን ጅረት፣ ማን እንደተከላቸው የማይታወቁትን የማንጎ ዛፎች ታሳያለች። ስትናገር ሰዎች ዝም ብለው ይሰሟታል። ከዚያ በፊት እሷን ዝም ብሎ የሰማት ሰው አልነበረም። ያ ሥራ ለኢቲዳል እንጀራ ብቻ አልነበረም።

የዚያን ቀን እንግዶች ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ገና ከመጀመሪያው ነገሩ ሁሉ ጠመመ። ወደ ፏፏቴው የሚወስደውን መንገድ ደራሽ ጎርፍ ቆርጦታል። ትልቁ ድንጋይ ሙልጭልጭ ብሎ የሚወጣበት ጠፋ። ጅረቱ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ወርቅ አጣቢዎቹም ለአረም ወርደዋል። ማንጎው አልቆ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። አንደኛው መኪና ጭቃ ውስጥ ገባና እንግዶቹ ራሳቸው ገፉት።

ሌንጂሳ ወደ ጎን ሳባት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቀደም ብሎ ነግሯታል፤ በዚህ በኩል ካልሆነለት መኪናውን ወደ ቶንጎ ያዞራል፣ እዚያ ደግሞ ሌላ አስጎብኚ አለ።

«ኢቱ፣ እነዚህን ሰዎች ጭቃ አሳይተን ነው የምንመልሳቸው?» አላት።

ከእንግዶቹ አንዷ ስለ ዋዛ የጠየቀችው ያኔ ነው። በቴሌቪዥን አይታዋለች። ዋዛ የኢቲዳል ወገኖች፣ የበርታ ሰዎች መለከት ነው፤ ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ብዙ ሰው ተሰልፎ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየተቀበለ ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። ማሽላ ከተዘራ ጀምሮ ዋዛ አይነፋም፤ ያለ ጊዜው ከተነፋ አዝመራው ይበላሻል ይባላል። አዝመራው እስኪደርስ ድረስ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከጠባቂው ቤት ጣራ ሥር ተሰቅሎ ይከርማል። ጠባቂው ደግሞ የኢቲዳል አባት ዐብዱልቃድር ነበሩ፤ ከአባታቸው የተረከቡት ነው።

ኢቲዳል ወደ ቤት ሄደች። አባቷ ደጃፍ ላይ የመኮትኮቻ እጀታ እያበጁ ነበር። ዋዛውን አውጣልኝ አላለቻቸውም። መንገዱ መቆረጡን፣ ሌንጂሳ ያላትን፣ ሴትዮዋ የጠየቀችውን ብቻ ነገረቻቸው። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እጀታውን አስቀመጡና ወደ ውስጥ ገቡ። ወዲያው ጨርቁ ሲፈታ ሰማች። ያን ጊዜ ተው ማለት ትችል ነበር።

ዋዛ የሚነፉት ሽማግሌዎች እንቢ አሉ። አንዱ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ተኛ፣ ሌላው ፍየል ጠፍቶብኛል ብሎ ወጣ። የመጡት ጥቂት ጎረምሶች ናቸው። ዐብዱልቃድር ግንባር ቀደሙን መለከት ይዘው ነፉ፤ ጎረምሶቹ ተከተሉ። ዜማው እንደ ጎደለ ጥርስ እዚህም እዚያም ክፍት ነበር። እንግዶቹ ግን ያንን አያውቁም። ስልካቸውን አንስተው ቀረጹ፣ ሳቁ፣ አብረው ዘለሉ።

ከታች ማሳው ውስጥ ሴቶቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። የአባቷ ታላቅ እህት ሳና መኮትኮቻዋን እንደያዘች ወጣች። አልጮኸችም። ዜማው እስኪያልቅ ጠብቃ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ዐብዱልቃድር፣ ማሽላው እኮ ገና ጉልበታችን ላይ ነው» አለችው።

ከእንግዶቹ አንዱ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅ፣ ኢቲዳል «እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች» ብላ አስተረጎመች።

በዚያ ዓመት የማሽላው አገዳ ውስጥ ትል ገባ። ትል ዱሮም ይገባል፤ ከዚያ በፊትም የከፋበት ዓመት ነበር። ማንም በቀጥታ ምንም አላለም። ብቻ ጎረቤት እሳት ለመጫር መምጣት ተወ። የዐብዱልቃድር ደቦ ሲጠራ አንዱ ወገቡን አመመው፣ ሌላው ለቅሶ ሄደ። ጉድጓድ ውሃ ላይ ልጃገረዶቹ ኢቲዳልን ሲያዩ ጉንጫቸውን ነፍተው የመለከት ድምፅ ያሰማሉ፤ ይሳሳቃሉ።

አዝመራ ሊሰበሰብ ሲል ሽማግሌዎቹ ወደ ዐብዱልቃድር ቤት መጡ። ተቀመጡ፣ ስለ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ከብት ተጨዋወቱ። ከዚያ አንዱ፣ ቤትህ ያፈስሳል ሲሉ ሰማን፣ መለከቶቹ ሌላ ቤት ቢከርሙ ይሻላል አለ። ቤቱ አያፈስም ነበር። ዐብዱልቃድር ግን አልተከራከሩም። ሽማግሌዎቹ ጣራው ጋ አልደረሱም፤ ስለዚህ ዐብዱልቃድር ራሳቸው በርጩማ ላይ ወጥተው አንድ በአንድ አወረዱላቸው። የመጨረሻውን ሲሰጡ እጃቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

የዚያን ዓመት ዋዛ ሲነፋ ዐብዱልቃድር አልተጠሩም። አልጋቸው ላይ ተጋድመው ሰሙ። የእሳቸውን ድምፅ ሌላ ሰው ነበር የሚነፋው፤ ደህና አድርጎ ነው የነፋው። ኢቲዳል ጆሮዋን ብትደፍን ወደደች፤ እሳቸው ግን በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ እየመቱ ተከተሉት።

ጎብኚውም ብዙ አልቆየም። መንገዱ ሰላም የለውም ተባለ፤ ሌንጂሳ መኪናውን ሸጦ ወደ ነቀምት ሄደ ሲሉ ሰማች።

አንድ ማታ እራት ሲበሉ ኢቲዳል ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ እኔ አውጣ አላልኩህም። ለምን አወጣኸው?»

የጎረሱትን አኝከው ዋጡ። «እንድትለምኚኝ አልፈለግሁም» አሏት።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላወሩም። ዐብዱልቃድር በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ላይ ሞቱ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቀበራቸው፤ መቃብር የቆፈሩትም እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሳናም ከሁሉ በላይ አለቀሰች። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ፤ ኢቲዳልን ነይ እኛ ጋ እደሪ ያላት አልነበረም።

ታናናሾቿ አግብተው ተበትነዋል። ኢቲዳል አሁን ባምባሲ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች፤ የምትኖረውም ከጀርባው ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው።