የሐፍሳ ሎሚ አልታመመም

ሐፍሳ «እሺ» ማለት የሚያማት ሴት ናት። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ አባቷ ለእሷና ለወንድሟ ትተውላቸው በሞቱት ቤት፣ ወደ መንገዱ ሰፊ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል አለች። ሐፍሳ እዚያ ውስጥ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ሎሚና ጽጌረዳ እያሳደገች ለሆቴልና ለካፌ ትሸጣለች። ቡና በሞላበት አገር፣ ቤት ውስጥ ሎሚ ማሳደግ ምን ይሉታል እያሉ ጎረቤቶቿ ስንት ዓመት ሳቁባት። እሷ ግን በሳቃቸው አንዲት ቅጠል አላረገፈችም።

ታናሽ ወንድሟ ጀይላን ቡና ነጋዴ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ሐፍሳ ናት፤ እሱ ግን ይህን የሚያስታውሰው ሲርበው ብቻ ነው። ዘንድሮ የለቀማው ወቅት ሲቃረብ ያቺን ክፍል ለቡና ማከማቻ ተመኛት። ምኞቱን አፍ አውጥቶ አልተናገረም። በዚያው ሰሞን የሎሚዎቹ ቅጠል መገርጣት ጀመረና ሰበብ አገኘ።

«በሽታ ነው፤» አላት በሩ ላይ ቆሞ። «ቡናዬን ይጨርሰዋል። ቅዳሜ ሁሉንም ነቅለን እናቃጥላለን።»

«አንዷን ብትነካ ወላሂ ወንድሜ አይደለህም!»

በዚህ አገር የሚያደርቅ በሽታ የያዘው የቡና ዛፍ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል፤ ደግ ልማድ ነው። ጀሪካን ውስጥ የበቀለን ሎሚ ግን ማን ቡና አደረገው? ሐፍሳ ይህን ብላ ጮኸችበት፣ በሩንም ዘጋችበት። ብቻዋን ስትሆን ግን ፈራች። እውነት በሽታ ቢሆንስ? እነዚህ ጀሪካኖች ከሄዱ ክፍሏም እንጀራዋም አብረው መሄዳቸው ነው።

ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ከዱሮም ከማድቤት አመድ እያፈሰች ትነሰንስላቸው ነበር፤ ሲገረጡ ርቧቸዋል ብላ እጥፍ አደረገችው። ጓሮዋ ያለው እንሰትና ጎመን በአመድ ሲፋፋ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሎሚዎቹ ግን ጭራሽ ባሰባቸው።

ማህደር የምትባል የግብርና ባለሙያ ደንበኛ ነበረቻት፤ ደወለችላት።

«የገረጣው የቱ ነው?» አለች ማህደር። «አሮጌው ቅጠል ነው ለጋው?»

«ለጋው። ጅማቱ አረንጓዴ ነው፣ መሀል መሀሉ ቢጫ። የታችኛው አሮጌው ደህና ነው።»

«ተራ ረሃብ ቢሆን አሮጌው ይቀድም ነበር። ተክል ሲርበው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ያጎርሳል። ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር ግን እንዲህ አይዘዋወርም፤ ሲጠፋ የሚጎዳው ለጋው ነው። አፈሩ ላይ ምን ትጨምሪያለሽ?»

«አመድ።»

«በቃ እሱ ነው! አመድ ሲበዛ ብረቱን ይይዘዋል፤ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።»

«ጓሮ ያለው እንሰትስ ምነው ደህና ሆነ?»

«የጓሮውንማ አመድ ዝናብ ያጥበዋል፣ ሐፍስዬ።»

ሐፍሳ ዞር ብላ ጀሪካኖቿን አየች። የሚዛን ዝናብ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ወለሉ እንዳይበላሽ ደግሞ ውሃ የምታጠጣቸው በስስት ነው። ስንት ጊዜ የነሰነሰችው አመድ እዚያው ተከምሮ ኖሯል። በራሷ ተናደደች። የሐፍሳ ንዴት ግን ማልቀስ አያውቅም፣ ሥራ ነው የሚያውቀው። ሎሚዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ አመዳሙን አፈር አራገፈች፤ ከጫካ ባመጣችው አፈርና በበሰበሰ የቡና ገለባ መልሳ ተከለቻቸው።

ቅዳሜ ጀይላን ሁለት ጫኞችና አንድ ክምር ጆንያ ይዞ መጣ። ለማቃጠል የመጣ ሰው ጆንያ ምን ይሠራለታል? ቅጠሎቹ ገና እንደገረጡ ናቸው። ሐፍሳ ቢላዋ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ ጫኞቹ ወደ ኋላ አሉ። እሷ ግን እጀታውን ወደ ወንድሟ አዞረችለት።

«ቡና አውቃለሁ ትል የለ? ቡና በዚያ በሽታ ሲመታ ከልጡ ሥር ምን ይመስላል?»

«ይጠቁራል።»

«እንካ፣ ፋቀው!»

ጀይላን ጎንበስ ብሎ የአንዱን ሎሚ ግንድ ፋቀ። ነጭ፣ እርጥብ እንጨት ነው። ሌላውንም ፋቀ፤ ያው ነው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ገረጣ?»

«አመድ አብዝቼበት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አርሜዋለሁም። ያንተስ ጥፋት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! በሽታ ያልከው ክፍሉን ፈልገህ ነው።»

ጀይላን ጫኞቹን አየ፤ እነሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አዎ፣ ፈልጌው ነው፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቡናው ዝናብ ላይ ሊያድርብኝ ነው። ስጪኝ፤ እባክሽ እትዬ።»

ሰው ፊት ሲለምናት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሆዷ ባባ፤ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነዋ። ከጀርባዋ ያሉትን ሎሚዎች ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበለችው።

«አይሆንም፤» አለችው።