ጫቱ ሳይመጣ የተነገረ ውሸት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው ቆሜ ስንቱን ጥቃቅን ነገር ዘርዝሬ፣ ይቺን አንዷን ምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ይፈቱኛል ብዬ ስለምፈራ ነው። ስግደት ይሰጡኝና "በል ሂድ፣ ዳግመኛ እንዳይለምድህ" ይሉኛል። የዋሸሁት ግን ሙክታርን ነው፤ እሳቸው ሙክታርን አያውቁትም። እናንተ መፍታት የማትችሉ ሰዎች ናችሁና ለእናንተ ማውራት ይሻለኛል።

ግርማ እባላለሁ። አያቴ ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ የገባ ሰው ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እየሸጥኩ አረጀሁ። ሙክታር የድሬዳዋ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ መጥቶ ካርቲየ 3 የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ከወንድም በላይ ጓደኛዬ ነው። ከሱቁ ጀርባ ምንጣፍና ትራስ የተዘረጋባት ጠባብ ክፍል አለችው። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲጋደም እኛ እዚያች ክፍል በርጫ እንቀመጣለን።

ስለ በርጫችን አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። ጫቱ የሚመጣልን ከሐበሻ አገር ነው፤ እኩለ ቀን ላይ መኪናው ሲገባ ከተማው ነፍስ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ምርቃና ላይ የተወራውን ማንም አይዝባችሁም። እኔና ሙክታር ምርቃና ላይ ስንት ፎቅ ሠርተናል፣ ስንት መርከብ ገዝተናል፤ ማታ ሁሉም ይረሳል፣ የሚቀየምም የለም። ጠዋት የተባለ ግን ቃል ነው። ይህንን ደንባችን አድርገን ይዘነው ነበር። አንዳችን ከበድ ያለ ነገር ስንናገር ሌላችን "ይሄ ጫቱ ሳይመጣ ነው ወይስ ከመጣ በኋላ?" ብለን እንጠይቃለን።

የስሪላንካ ነገር የተጀመረው ከጫቱ በኋላ ነው። ኻምሲኑ፣ ያ የሚለበልበው የበረሃ ነፋስ፣ አሸዋውን ይዞ በበሩ ሥር ይገባል፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተለጥፏል። ሙክታር "ዝናብ ያለበት አገር እንሂድ አቦ" አለ። ዘመድ የሌለን፣ አንድም ነገሩን የማናውቀው፣ ዕቃ ልናመጣ የማንሄድበት አገር ይሁን ተባባልን። ነጋዴ ሰው ያለ ዕቃ የሰው አገር አይረግጥም። ዱባይም ቻይናም ሄደን መጋዘን አይተን ነው የተመለስነው።

ስልኬ ላይ ካርታውን አወጣሁና የቃምነውን የጫት እንጨት እየሰበርኩ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩለት። ይሄ ኮሎምቦ፣ ይሄ ካንዲ፣ ይሄ በሻይ ተራሮች መሃል የሚያልፈው ባቡር፣ ይሄ ኤላ የምትባል ደጋ ላይ ያለች መንደር፣ ያ ደግሞ ጋሌ፣ ባሕሩ ዳር። ቀን አልቆረጥንም። "ደስ ያለን ቦታ እንሰነብታለን፣ ካላለን በነጋታው እንነሳለን" እያለ ሙክታር እንጨቶቹን በጣቱ ይገፋቸዋል። አንድ ቀን ካንዲ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ከባሕሩ ጀምረን ወደ ተራራው እንወጣለን። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ስንዞር ከረምን። እውነቱን ልናገር፣ ከሄድኩበትም ጉዞ ይልቅ ያ ይጥመኝ ነበር።

ታዲያ የሙክታር ዐይን እየሄደ ነበር። መጀመሪያ የነቃው በጨርቁ ነው። አንዲት ደንበኛ ለሐዘን ብላ የገዛችውን ጥቁር ቤቷ ስትዘረጋው ሰማያዊ ሆኖባት መለሰችለት። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ደግሞ ከዳርና ከዳር እየጠበበ ይሄዳል ብሎ ጠብታ ሰጠው። ሙክታር ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እጁ ግን የትራሱን ጫፍ ይጠመዝዝ ነበር።

አንድ ጠዋት ሱቄ መጣ። ጠዋት መጥቶ አያውቅም።

"ግርማ፣ ጫቱ አልገባም አይደል?"

"አልገባም" አልኩት።

"እንግዲያው ልጠይቅህ። የምር እንሄዳለን? ሳይጨልምብኝ አረንጓዴ ነገር እስኪበቃኝ ማየት አማረኝ። እዚህ አገር ያየሁት አረንጓዴ ጫት ብቻ ነው፤ እሱንም እበላዋለሁ።"

"እንሄዳለን" አልኩት። ጫቱ ሳይገባ፣ በጠራ አእምሮዬ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

እግራችንን ለመንገዱ እናፍታታ ብሎ አንድ ማለዳ ሄሮን የሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ልንራመድ ሄድን። ሙክታር የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ አላየውም። ተደናቅፎ አንድ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ፤ ሲኒው ተሰበረ፣ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ተነሡ። ምንም አልሆነም። ብቻ ክንዴን ያዘኝና እስከ መኪናው አልለቀቀኝም። እጁ ያልበኛል፣ ሰው ያየናል፣ እኔም አንገቴን ደፍቻለሁ። አፈርኩበት። የማውቀውን ሰው፣ ልጄ ሲታመም ሌሊቱን ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ያደረልኝን ሰው አፈርኩበት።

በዚያው ዕለት ሐሳቤ ዞረ። የባቡሩ ደረጃ ታየኝ፣ የአየር ማረፊያው ሰልፍ ታየኝ፣ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ስጠብቀው ታየኝ። እኔ የፈለግኩት እንደ ልቤ የምነሳበት፣ እንደ ልቤ የማድርበት ጉዞ ነበር። ይህንኑ ፊት ለፊት ብነግረው ምን ነበረበት? "ሙክታር፣ አንተን መምራት ከበደኝ" ብለው ምን እሆን ነበር? ይሰድበኝ ነበር፣ ከዚያ ይስቅ ነበር፣ ከዚያ አማቹን፣ የልጁን ባል፣ ይዞ ይሄድ ነበር። እሱ ግን እንዲሄድ ሳይሆን እንዲቀር ፈለግኩ፤ መቅረቱም ከእኔ የመጣ እንዳይመስል ፈለግኩ። ደግ ሰው መስዬ ላስቀረው አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ሆን ብዬ ጠዋት ሄድኩ። ከጫቱ በኋላ ብነግረው ወሬ ነው ብሎ ያልፈው እንደነበር አውቃለሁና።

"አንድ ሐኪም ጠይቄልህ ነበር" አልኩት። ማንንም አልጠየቅኩም። "የዐይን ግፊት ያለበት ሰው አውሮፕላን ላይ መውጣት የለበትም አለኝ። አየር ላይ ግፊቱ ይጨምርና የቀረችውን ብርሃን ባንዴ ይወስዳታል።"

ሙክታር ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ጥቅሉን አስቀመጠው።

"ጫቱ ሳይመጣ ነው የምትነግረኝ" አለ።

"አዎ" አልኩት።

"እንኳን ነገርከኝ" አለ። "አላህ ይስጥህ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ አውሮፕላን ላይ ያወጣኝ ነበር።"

መረቀኝ እኮ። ቆሜ ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ከወራት በኋላ ለመለዋወጫ ዱባይ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ዱባይ አውሮፕላን ቀየርኩና ኮሎምቦ ገባሁ። በእንጨት በደረደርናት መንገድ ሄድኩ። ካንዲ ሰነበትኩ፣ ባቡሩ ላይ ወጣሁ፣ ኤላ ደስ አለችኝና ቆየሁ። ምግቡ አልወርድ አለኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። በላሁ፣ ተኛሁ፣ የሻይ ማሳው ላይ ዝናብ ሲወርድ በረንዳ ተቀምጬ አየሁ፤ ልቤ እስኪርስ ደስ አለኝ። እሱ ትዝ ሲለኝ ዐይኔን ወደ ተራራው እመልሳለሁ፣ ያልፍልኛል። ስመለስ ዱባይ አየር ማረፊያ ሽቶ ገዛሁለት። "ሥራው እንዴት ነበር?" አለኝ፤ "ደህና ነው" አልኩት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ራስ ወዳድ ነበርኩ ብዬ ልተወው እችል ነበር። አላበቃም።

ሙክታር ሐያት የምትባል ልጅ አለችው፣ አንዲት። ሕንድ አገር ግፊቱን በቀዶ ጥገና የሚያቆም ሐኪም አገኘች። የቀረውን ያህል እንኳ ያቆዩለታል ብላ ሁሉን አዘጋጀች። አባቷ እምቢ አለ። "የቀረችኝ ብርሃን አየር ላይ ትጠፋብኛለች" አለ። ብትለምነው፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች።

ሐያት እኔ ሱቅ መጣች። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም፤ እንደ አባቷ ነው የምታናግረኝ። "ጋሼ ግርማ፣ አንተን ነው የሚሰማህ። አንዴ ሂድ ብትለው ይሄዳል" አለችኝ።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችኝ። "ዋሽቼው ነው" ማለት ብቻ። ወይም ሌላ ውሸት፣ "ሐኪሙ ተሳስቷል" ማለት እንኳ ይበቃ ነበር። ግን አንዱን ክር ስመዝ ሁሉም የሚተረተር መሰለኝ፤ ዱባይም፣ ሽቶውም፣ ሄሮንም። "ዐይኑ የራሱ ነው ልጄ፣ አታስጨንቂው" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚያመሰግኑኝ አይገባኝም።

ዓመት ሳይሞላ ጨለመበት። ሱቁን አማቹ ያዘው። እሱ ግን ክፍሏን አልተወም፤ ጫቱን በጣቱ እየዳሰሰ ለስላሳውን ከጠንካራው ይለያል፤ እኔም በየቀኑ ከጎኑ ነኝ። አንድ ከሰዓት "መንገዳችንን ንገረኝ እስቲ፣ ከባቡሩ ጀምር" አለኝ። ጀመርኩለት። ምርቃናው ይዞኛል፣ አፌ ተፈቷል። በስተቀኝ ገደሉ፣ በስተግራ የሻይ ማሳው፣ ባቡሩ ሲዘገይ ዘለው የሚገቡት ሻጮች፣ የሚሸጡት የምስር ጥብስ፣ ጥብሱን የሚጠቀልሉበት የተማሪ ደብተር ወረቀት፣ የእኔው ላይ ደግሞ መምህሩ በቀይ ያረመው ሒሳብ ነበረበት አልኩት።

ሙክታር ማላመጡን አቆመ።

"ያንተው ላይ?" አለ።

"ስልክ ላይ ያየሁት ነው" አልኩት።

"እሺ" አለ። ቆየት ብሎም "ዝናቡስ?" አለኝ።

"ስለ ዝናቡ አላየሁም" አልኩት። ስንት ቀን ሙሉ ዝናቡን ተቀምጬ ያየሁት ሰውዬ አላየሁም አልኩት። መጠየቁን ተወው።

ሐያት ከሰሞኑ አዲስ ሐኪም ዘንድ ወስዳው ነበር። እኛ በርጫ ላይ ሳለን ገባች፤ ፊቷ ተለዋውጧል።

"አባ፣ አውሮፕላኑ ምንም አያደርግህም ነበር። ሐኪሙ ሳቀብኝ እኮ። ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

ማራገቢያው ይዞራል። እኔ እግሬን ሰብስቤ ምንጣፉን አያለሁ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችው።

"ማንም አላለኝም" አለ ሙክታር። "እኔው ፈርቼ ከራሴ ያወጣሁት ነው። ተይው በቃ።"

ልጅቱ አልቅሳ ወጣች። እሱ ከፊቱ ያለውን የጫት እስር ዳሰሰና ከሁሉም የለሰለሰውን ቀንበጥ መርጦ፣ እጁን እኔ ወዳለሁበት ዘረጋ። ተቀበልኩት። ቃምኩት።

ያንን ቃል የተናገረው ጫቱ ከመጣ በኋላ ነው። በእኛ ደንብ አይቆጠርም። እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሊያድነኝ ብሎ ነው ወይስ እውነቱን በራሴ አፍ የምናገርበትን ጠዋት ሊተውልኝ? ስንሰነባበት በር ላይ ክንዴን ያዘኝ፣ ያኔ ሄሮን እንደያዘኝ አድርጎ፣ "አንድ ቀን ጠዋት ብቅ በል እንጂ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሄጄ አላውቅም። ከሰዓት እሄዳለሁ፣ ጫቱ ከገባ በኋላ፣ ምንም ብናገር በማይያዝበት ሰዓት። እሱም በየቀኑ ስወጣ "ጠዋት ና" ይለኛል፤ እኔም በየቀኑ "እሺ" እለዋለሁ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም አታውጡልኝ። ጓደኝነት ነው፣ ዕድሜ ነው፣ መጥፎ አጋጣሚ ነው አትበሉልኝ። የሰው ዐይን ነው የበላሁት፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እናንተን አይደለም።

ይህን ስጽፍ ሱቄን ገና መክፈቴ ነው። መኪናው አልገባም፤ ጫት ሻጮቹ ባዶ ጠረጴዛቸውን እየወለወሉ ይጠብቃሉ። ሙክታር ያለበት ካርቲየ 3 በእግር ቅርብ ነው።