ደጋ ላይ የተነፋው ቺፕስ

ቺፕስ አልወድም። እኛው ደጋ ላይ ያበቀልነው ድንች ከተማ ወርዶ፣ ስስ ሆኖ ተጠብሶ፣ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጎ ሲመለስ ገዝተን መብላታችን ያናድደኛል። ግማሹ ደግሞ አየር ነው። ገና ትምህርት ለጀመረችው ልጄ ግን መንገድ ማለት ቺፕስ ማለት ነው። ያን ቀን ኮምቦልቻ እህቴን ጠይቀን ስንመለስ አንድ ገዛሁላት፤ መካነ ሰላም እስክንገባ እንዳትነዘንዘኝ።

ደሴን አልፈን ወደ ጉጉፍቱ ስንወጣ እሽጉ መነፋት ጀመረ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቆላ የመጣ እሽግ ሁሉ ደጋ ሲደርስ ይነፋል። ልጄ ሳትከፍተው እንደ ከበሮ በጣቷ እየመታች ትስቃለች።

"እማ፣ ቤት ስንደርስ ጧ አደርገዋለሁ!" አለችኝ። ላስቲክ ማፈንዳት የሰፈራችን ልጆች ጨዋታ ነው። እኔም ሳቅሁ።

አቀስታን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የተሳፈርንበት ቅጥቅጥ ቆመ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ታጣቂዎች ቆመዋል። እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም፤ በዚህ ዘመን አይጠየቅም። በዚያ አካባቢ ተኩስ አለ ሲባል ሰንብቷል። ያኔ ዓይኔ ልጄ ያቀፈችው እሽግ ላይ አረፈ። ቃታ ላይ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ጧ የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ቺፕስ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

"ስጪኝ" ብዬ በሹክሹክታ ጎተትኩት። አጥብቃ ያዘችው። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ደንግጬ ለቀቅኩት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከነጠላዬ ጥለት ላይ መርፌ አይጠፋም። በትንሽ ቀዳዳ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል ብዬ መርፌውን ነቀልኩ። ልጄ ግን እሽጉን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አይተውኝ "አብሽሪ ልጄ፣ ፈትሸው ይለቁናል" አሉኝ።

"እኔ የፈራሁት ቺፕሱን ነው አባባ።"

እሳቸውም እሽጉን አዩት። መቁጠሪያቸውን የያዙት ጣቶች ቀጥ አሉ።

መርፌዬ ላስቲኩ ጋ ሳይደርስ አንዱ ታጣቂ ገባ። ገና ጢም ያላበቀለ ነው። ጠመንጃውን ወደፊት አድርጎ እያንዳንዱን ወንበር እያየ መጣ። ወንበር በተንቋቋ ቁጥር ይደነግጣል፤ ይህ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ። የፈራ ሰው ቶሎ ይተኩሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ልጄ እሽጉን ከፍ አድርጋ ዘረጋችለት።

"እንብላ።"

ምግብ ይዘሽ ሰው ከመጣብሽ እንብላ ሳትይ እንዳትቀምሺ ብዬ፣ ቆንጥጬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"ብይ እህቴ" አላት።

"በሞቴ!"

እሱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንግዳ እምቢ ሲል በሞቴ በይው ብያታለሁ። የዚያን ቀን ግን ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አፏን ልይዝ እጄን ሰደድኩ፤ ዘገየሁ። በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ያም ልጅ አሳዳጊ የበደለው አልነበረም። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ እሽጉን ተቀበላትና በሁለት እጁ ጎተተው።

ጧ!

ልጄ ላይ ተደፋሁባት። ሰው ሁሉ ወንበር ሥር ገባ። ውጭ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ጨርሰውናል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የተሰማው ግን ተኩስ አልነበረም። ያ ልጅ ከጎናችን ወለሉ ላይ ተደፍቶ፣ ለቅሶ በሚመስል ድምፅ ወደ ጓደኞቹ ይጮሃል።

"ቺፕስ ነው! እንዳትተኩሱ! ቺፕስ ነው!"

አልተኮሱም። ተነስቶ ልብሱን አራገፈ፤ ከእሽጉ ውስጥ አንዲት አንስቶ ቀመሰና የቀረውን መለሰላት። የሳቀበት ሰው አልነበረም። ከዚያ ለቀቁን።

ልጄ ቺፕስ መብላት አልተወችም፤ እኔም አልከለከልኳትም። ጧ ማድረጉን ግን ትታዋለች። አሁን እሽግ ስገዛላት መጀመሪያ ወደ በሩ ትሄድና፣ ደጅ ላይ ማንም ባይኖር እንኳ፣ "ቺፕስ ነው! እንዳትተኩሱ!" ብላ ትጮሃለች። ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። መልስ ሲጠፋ ወደ እኔ ትዞራለች። የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ።

"ሰምተዋል" እላታለሁ።

ያኔ ትከፍተዋለች።