ልቤ ደህና ነው፤ አያ ወልዱ ናቸው ያመሙኝ

ትናንት ረፋዱ ላይ ቤታችን እንደ ለቅሶ ቤት በሰው ተሞልቶ ነበር። የሞተ ግን የለም። ሊሞት ነው የተባልኩት እኔ ነኝ... መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ቆሎ እየቆረጠምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን ግራ ደረቴን በወስፌ እንደተወጋ ሰው ውግት ያደርገኛል። ከተመረቅኩ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል፤ ደመወዝ ሳልቀምስ ልሞት ነው ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ልቤን በአልትራሳውንድ አዩልኝ።

«ልብህ ምንም የለበትም። በዚህ ልብ ዳገት በሩጫ ትወጣለህ» አለኝ ወጣቱ ዶክተር።

«ታዲያ የሚወጋኝ ምንድን ነው?»

«ሕመሙ የውሸት ነው አላልኩህም፤ ከልብህ ግን አይደለም። መቼ መቼ እንደሚነሳብህ አስተውል። ከባሰብህ ተመለስ።»

ይህን ሁሉ ለእማ ስነግራት የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው... ልብ። እሱንም ወዲያው ለጎረቤታችን ለእትየ ዝናሽ ነገረቻቸው። ለእትየ ዝናሽ መንገር ደግሞ ገበያ መሀል ድምፅ ማጉያ እንደ መትከል ነው። ይኸው ሰቆጣ በሙሉ ሊጠይቀኝ መጣ።

ችግሩ፣ በማግስቱ አምደወርቅ ከተማ የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያው!

«የትም አትሄድም!» አለች እማ። «እትየ ዝናሽ ብርቱካን ይዘው ጠይቀውህ፣ አንተ በነጋታው መናኸሪያ ስትንጎራደድ ብትታይ ሰው ምን ይለኛል?»

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ብርቱካን የመጣለት በሽተኛ ቢያንስ ብርቱካኑ እስኪያልቅ ይተኛል።

ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ምች ነው ሲል ሌላው ጨጓራ ነው ይላል። እትየ ዝናሽ «ዐይን ነው እንጂ!» ብለው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጎረቤቶቻቸውን ቃኙ።

በዚህ መሀል አያ ወልዱ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው።

«እግዜር ይማርህ ልጄ።»

«አሜን፣ አያ። ያኑርልኝ።»

«ለመሆኑ... ሥራ ያዝክ ወይ?»

ውግት!

ደረቴን ይዤ እጥፍ አልኩ። እማ ጮኸች። ውኃ መጣ። ትንሽ ሲሻለኝ እትየ ዝናሽ ሊያጽናኑኝ ብለው፣

«አይዞህ። የኔ ልጅም ሊቀጠር ሰሞን አመመኝ ብሎ ነበር። አብራችሁ አይደል የተመረቃችሁት?»

ውግት!

እማ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ እትየ ዝናሽን፣ ቀጥላ አያ ወልዱን። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ በለሰለሰ ድምፅ...

«ልጄ፣ ሥራ ያዝክ ወይ?»

«እማ! አንቺም?» ውግት!

ብድግ አለች። በእናት ቋንቋዋ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እማ ኽምጥኛ ከጀመረች ነገሩ የምር ነው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ወልዱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሽታው ተገኝቷል። እርስዎ ነዎት!»

የሽማግሌ ክብር ተነክቷልና ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። አያ ወልዱ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«በሉ ጫማውን አቀብሉት! የኔን አፍ የሚያስዘጋው የአምደወርቁ ሥራ ነው። ማንም ምንም ቢል እኔ እመልስለታለሁ።»

እናም ዛሬ ጠዋት ብርቱካኔን በኪሴ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አያ ወልዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፤ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። እንዴት እንደጨነቃቸው ብታዩ...

ቃለ መጠይቁ ጥሩ ሄደ። ሁሉንም መለስኩ። መጨረሻ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣

«የሥራ ልምድ አለህ?»

...ውግት!

ውጤቱ በቅርቡ ይነገራችኋል ብለውናል። እስከዚያው ኮሜንት ላይ «አለፍክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ብርቱካን ይዞ ይምጣ።