ከፊት ነው ከኋላ

የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራኛል፤ እኔም ወዲያው እናደዳለሁ። ቀኙ ደህና ነው፤ ሹክሹክታ እንኳ አያመልጠውም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው በአንድ ጆሮ ሲቀር ድምፁን ይሰማል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ቆቦ ገበያ መሃል ሰው ስሜን ሲጠራኝ በቆምኩበት እሽከረከራለሁ፤ ወደ ሽንኩርት ተራው፣ ወደ ፍየል ተራው፣ ወደ ባጃጆቹ። የጠራኝ ሰው ብዙ ጊዜ ከጀርባዬ ቆሞ ይስቃል። ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋብኝም ሸሸሁ ብዬ የምገባው እዚያው ባጃጁ ላይ ነው። ለምጄዋለሁ፤ እኔም እስቃለሁ።

ጆሮዬ የሄደው የጭነት መኪና ጎማ ስነፋ ነው። የቸርኬው ቀለበት በደንብ አልገባ ኖሮ አየሩ ሲሞላ ተፈናጥሮ በጭንቅላቴ አጠገብ አለፈ። ቢነካኝ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው ባልነበረ። አልነካኝም፤ ፍንዳታው ብቻ የግራ ጆሮዬን ይዞት ሄደ።

ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳት ሊሆን ይችላል። የእኔ ሥራ ግን ፎር ዊል መኪና መጠገን ነው። በእኛ በራያ ቆላ ፎር ዊል ለጌጥ አይያዝም። አስፋልቱን ለቀህ ወደ ምሥራቅ ከታጠፍክ አሸዋ ነው፤ ደረቅ ወንዝ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ያው ወንዝ ጎርፍ ነው። በእነዚህ መኪኖች የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮው አልፎ አንድ ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለሁለት ይከፈልና በረጃጅም ዘንጎች አንዱ ወደ ፊት ዲፈረንሻል፣ ሌላው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ጎማዎቹ። ብረቱ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ ድምፅ በላዩ ላይ ይጓዛል። ፊት የታመመው ኋላ ይጮኻል፤ ኋላ የታመመው ከሹፌሩ እግር ስር ያቃስታል። ሹፌር መጥቶ «ይጮህብኛል» ሲለኝ የጩኸቱን ዓይነት መለየት ግማሽ ሥራ ነው። ግማሹ ከየት የሚለው ነው። እኔ ያ ግማሽ ጎደለብኝ።

ጆሮዬ በሄደ ሰሞን የአንድ በርበሬ ነጋዴ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል እስከ መጨረሻው ፈታሁ። ጥርሱ ገና አዲስ ነበር። ሕመሙ ከፊት ነበር ለካ። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ መኪናውን አስገጥሞ ወደ ወልዲያ ይዞት ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የያዝኩትን መፍቻ ወርውሬ ሥራው ይብቃኝ አልኩ።

ባለቤቴ ያኔ ከጋራዡ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። የጎብዬ ልጅ ናት፤ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። መፍቻው ሲወረወር አይታ መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«በል ሌላ መኪና ሲመጣ እኔን ይዘኸኝ ውጣ።»

«ስለ መኪና ምን ታውቂና ነው?»

«ስለ መኪና ምንም አላውቅ። ከየት እንደሚጮህ ግን ማንም ሰው ያውቃል፤ ካንተ በቀር።»

ለዚህች ንግግሯ እስከ ዛሬ ቂም ይዤባታለሁ። መኪናው ሲመጣ ግን ይዣት ወጣሁ።

መኪና የምንፈትሽበት መንገድ ከቆቦ ወጥቶ በአስፋልቱ ወደ ሮቢት ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይታጠፍና በማሽላ ማሳዎች መሃል ወደ ወንዙ አሸዋ ይወርዳል። በአስፋልቱ ላይ ፍጥነት እጨምራለሁ፤ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ እግሬን አነሳለሁ፤ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛውዛለሁ። አሸዋው ላይ አራቱንም ጎማ አስገብቼ እንዲጎትት አደርገዋለሁ። እሷ አጠገቤ ትቀመጣለች። ነጠላዋን ከጆሮዋ ታወርዳለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አፏን ትንሽ ከፈት ታደርጋለች። ከዚያ ጣቷ ይነሳል። ወደ ፊት፤ ወደ ኋላ፤ ወይም ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ ወደ ጎማው። አንድም ቀን «ይመስለኛል» ብላ አታውቅም። እኔ የጩኸቱን ዓይነት ከቦታው ጋር አገጣጥሜ የምፈታውን አውቃለሁ። ደግነቱ የእኛ አገር ሹፌር በግራ በኩል ነው የሚቀመጠው፤ የማይሰማው ጆሮዬ ወደ መስኮቱ፣ ደህናው ወደ እሷ ነበር።

ደንበኞቹ መጀመሪያ ሳቁብን፤ በኋላ ግን ጋራዡ በር ላይ ቆመው «ሐኪሟ አለች?» ማለት ጀመሩ። እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ። ትንሽ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

አንድ የመከር ሰሞን ማሽላው መኪናውን ውጦ እስኪያስቀር ድረስ አድጎ ነበር። ሙከራውን ጨርሰን ወንዙ ዳር ከአንድ ግራር ስር አቆምን። ባለማሳው ጥንቅሽ ሰጠን፤ እየላጥን ማኘክ ጀመርን። ጣቶቿ በጥንቅሹ ተጣብቀው ነበር። የሞተሩ ብረት እየበረደ ጠቅ ጠቅ ሲል እሷ ዓይኗን ሳትከፍት ጣቷን አንስታ ወደ ሞተሩ አመለከተች፤ «እዚያ» አለች፣ እኔን ለማብሸቅ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥንቅሽ በልቻለሁ። ያኔ የበላሁትን ዓይነት አላገኘሁም።

ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣ። ጋራዡ ተዘረፈ፤ የስፌት መኪናዋም አብሮ ሄደ። ባዶ ግድግዳ ውስጥ ቆመን ተያየን። ዓረብ አገር ልሂድ ያለችው እሷ ናት፤ ይሁን ያልነው ሁለታችንም ነን። አንድ ውል ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ አለች። ውሉ አለቀ፤ ሌላ ፈረመች። መፍቻዎቹ ቀስ በቀስ ተተኩ፤ ክሪኩም ተገዛ። በየሳምንቱ ስትደውል መጨረሻ ላይ «ያለኔ ትችላለህ?» ትለኛለች። እኔም «እችላለሁ» እላታለሁ። ሰው አገር ሆና ስለ እኔ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው የምለው። እሷ ደግሞ እየቻለ ነው ብላ ትቀጥላለች።

በዚህ ሰሞን አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ፎር ዊሉን ይዞ መጣ። ጠና ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሽንኩርቱን ከወንዙ ማዶ ከሚገኙት የመስኖ ማሳዎች ነው የሚጭነው። መኪናው በአስፋልቱ ላይ ፍጥነት ሲይዝ ኡኡ ይላል፤ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። ነጋዴው እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ወጣ፤ ይጠቁመኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ ከፊት ነው አለ፤ ሮቢት ሳንደርስ ከኋላ ሆነ፤ ስንመለስ «ኧረ ሁሉም ቦታ ነው የሚጮኸው ወላሂ!» አለኝ። ጣቱ ያላመለከተበት ቦታ ሰማይ ብቻ ነው።

ቢቸግረኝ ድምፁን በስልክ ቀድቼ ላኩላት። እንዲህ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ማታውን ሥራዋን ስትጨርስ ደወለች።

«ደጋግሜ ሰማሁት» አለችኝ። «ይጮኻል። ግን ከየት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ስልኩ ውስጥ ፊትም የለ፣ ኋላም የለ። ሁሉም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አንተ እንዲህ ነው እንዴ የምትሰማው?»

«እንዲህ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔንም? ከበረንዳው ስጠራህ?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። እሷ ከበረንዳው ስትጠራኝ ዞሬ አላውቅም፤ ቀጥ ብዬ ወደ እሷ ነበር የማየው። የት እንደተቀመጠች አውቃለሁና ጆሮዬን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ይህን ነገርኳት። ያልነገርኳት አሁን ድምፅዋ ከየት እንደሚመጣ አለማወቄን ነው። ያላየሁት ከተማ፣ ያላየሁት ኩሽና፣ ቧንቧው በየት በኩል እንደሆነ የማላውቀው ቤት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ ፊቴን ወደየት አዙሬ እንደምናፍቃት ግራ ይገባኛል።

ከመዝጋታችን በፊት ሌላ ነገርም ነገረችኝ። «ማዳም ውሉን ቀጥዪ እያለችኝ ነው። እስከ አርብ ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች።» ከዚያ እንደ ልማዷ፣ «ያለኔ ትችላለህ?»

አፌ ለምዶበት «እችላለሁ» አለ።

በነጋታው ከመኪናው ስር ገባሁ። ያለ እሷ የምሠራበት መንገድ አለኝ፤ ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ግን አይዋሽም። ማርሽ ብቀያይርም ጩኸቱ ፍጥነቱን ብቻ ነበር የሚከተለው፤ ስለዚህ ከካምቢዮው ወዲያ ነው። መሪውን ሳወዛውዝ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አይደለም። ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ፈትቼ አወጣሁትና በኋላው ብቻ ነዳሁ። ይጮኻል። መልሼ ገጠምኩት፤ የኋላውን ዘንግ ፈታሁና በፊቶቹ ጎማዎች እያስጎተትኩ ሄድኩ። ጸጥ አለ። እሷ ጣቷን በማንሳት የምትጨርሰውን እኔ በመፍታትና በመግጠም ሁለት ቀን ፈጀሁበት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ግራሶው ክርኔ ድረስ እየወረደ፣ ደጋግሜ ሰደብኳት፤ ማዶ ሆና አትሰማኝም።

የወጣውን ዘንግ መሬት ላይ አጋደምኩት። የዚህ መኪና የኋላ ዘንግ ረጅም ስለሆነ ከሁለት ቁራጭ ነው የተሠራው፤ መሃሉን በጎማ የተሸፈነ አንድ ኩሽኔታ ደግፎ ይይዘዋል። መዳፌን አስጠግቼ በቀስታ አዞርኩት። አሸዋ ሲያኝክ በእጄ ተሰማኝ። ወንዙ ገብቶበት ግራሶውን አጥቦ ጨርሶታል። ከፊትም አልነበረም፤ ከኋላም አልነበረም። ሁለቱን ቁራጭ የሚያገናኘው መሃሉ ነበር የደረቀው።

ሐሙስ ከሰዓት አዲሱን ኩሽኔታ ገጥሜ ስወጣ ነጋዴው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ማሻአላህ! አየህ፣ ያለሷም ትችላለህ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ጎረበጠኝ። እውነቱን ነው፤ ችያለሁ። ይህን ዓመት እችላለሁ፤ የሚቀጥለውንም እችላለሁ። እንደዚህ እየቻልኩ እሷም እዚያ እየቻለች ልናረጅ ነው።

እጄን ሳልታጠብ ስልኩን አነሳሁ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለሆነች ደውዬላት አላውቅም። አነሳችው፤ ደንግጣለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተገኘ።»

«እሰይ! ከየት ነበር?»

«ከመሃል።»

«ብቻህን አገኘኸው?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲህ ችለሃላ» አለች። ደስ ያላት ድምፅ ነበር፤ ግን ጫፉ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ። አንድ ጆሮም ቢሆን ይህን ይሰማል።

«ችያለሁ» አልኳት። «መቻል ሰለቸኝ። ነይ።»

ውሃ ይፈስ ነበር፤ ቆመ። እቃ ሲቀመጥ ሰማሁ። ነጋዴው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እስኪ ድገመው» አለች።

«ነይ። ናፍቀሽኛል። ነይ።»

በዚያች የጎብዬ ድምፅዋ፣ «ካንተ በቀር» ባለችበት ድምፅ፣ «በል ነገ ማዳምን እነግራታለሁ» አለች። «አንተም ወንበሬ ላይ ሰው እንዳታስቀምጥ።»

ስልኩን ኪሴ ከትቼ እጄን ታጠብኩና ፊቴንም አብሬ ታጠብኩ። መኪናው ገና የመጨረሻ ሙከራ ይቀረው ነበር። ነጋዴው ቀድሞኝ ደርሶ የቀኙን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አንስቷል።

«እዚያ አይቀመጡ» አልኩት።

«ለምን?»

«ሰው አለበት።»

ባዶውን ወንበር አየ፤ እኔን አየ። መኪናው የራሱ ነው፤ ቢቆጣ መብቱ ነበር። አልተቆጣም። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋና ዞሮ ሄዶ ከኋላ በባዶ የሽንኩርት ጆንያዎቹ መሃል ተሳፈረ።